ማይኩን ካሜራው ላይ ማን አስቀመጠው?

ጥያቄ

ለድምፅ ባለሙያው፦ እኔና ሦስት ጓደኞቼ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አጭር ፊልም ሠርተናል። ታሪኩ ከሞላ ጎደል የሚካሄደው በአንድ የኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ነው። ካሜራችን ጥሩ ነው፤ ካሜራው ላይ የሚሰካ ረጅም ማይክም ገዝተናል። ለወዳጅ ዘመድ ስናሳይ ግን ሁሉም ያሉን አንድ ነገር ነው፦ «ምስሉ ያምራል፤ የሚናገሩት ግን አይሰማም።» እኛም ደጋግመን ስናዳምጠው ተዋንያኑ ሌላ ክፍል ሆነው የሚያወሩ ይመስላሉ። አሁን የአክስቴ ልጅ ለገና ከሜሪላንድ ስለምትመጣ አንድ ሁለት ዕቃ ልታመጣልን ቃል ገብታለች። የተሻለ ረጅም ማይክ ትግዛልን? ገመድ አልባ ይሻላል? ወይስ «32 ቢት ፍሎት» የሚሉትን መቅጃ? በዚያውም ቡም፣ ሩም ቶን፣ ዋይልድ ትራክ፣ ታይምኮድ የሚባሉትን ቢያብራሩልን ደስ ይለናል። የተሠራውን ፊልምስ ማዳን ይቻል ይሆን?

አራቱ ጓደኛሞች፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

ሜሪላንድ ላለችው እህታችሁ ዝርዝር ከመላካችሁ በፊት እኔም አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ተዋናይዋ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ስታወራ ካሜራው የት ነበር? ሳሎኑ ጠባብ ስለሆነ ሁለት ሜትር ያህል ርቆ፣ ምናልባትም በሩ ሥር ተተክሎ ነበር ብዬ እገምታለሁ። ማይኩም እዚያው ካሜራው ጀርባ ላይ። ችግራችሁ ከማይኩ ዋጋ ሳይሆን ከተቀመጠበት ቦታ የመጣ ነው።

ካሜራ ርቆ ቆሞም ሌንሱን ቀይሮ ፊቷን ማቅረብ ይችላል። ማይክ እንዲህ ያለ መላ የለውም። ሾትገን የምንለው ያ ረጅም ማይክ የሩቁን ድምፅ ስቦ የሚያመጣ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ሻጮችም ይህን ሲሰሙ ዝም ማለት ይቀናቸዋል። የሚሠራው ግን ሌላ ሥራ ነው። ከፊቱ የተቀጠለው ቱቦ ጎኑ ላይ የተደረደሩ ክፍተቶች አሉት። ከጎን የሚመጣ ድምፅ በየክፍተቱ በተለያየ ቅጽበት ይገባና እርስ በርሱ ይጣፋል፤ ፊት ለፊት የመጣው ግን ሳይነካ ያልፋል። እንግዲህ ሾትገን ከጎን ያለውን ይቀንሳል እንጂ ሩቅ ያለውን አያቀርብም። ይህም መጣፋት በደንብ የሚሠራው ለቀጫጭን ድምፆች ነው፤ የጄኔሬተር ጉምጉምታና የመኪና ሞተር ቱቦውን ከቁም ነገር አይቆጥሩትም።

አሁን ይህን ማይክ ግድግዳው ልስን፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ጣሪያው ኮንክሪት የሆነ ሳሎን ውስጥ አስገቡት። የተዋናይዋ ድምፅ ከአፏ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ማይኩ ሲሄድ፣ ያው ድምፅ ደግሞ ግድግዳና ጣሪያ እየመታ ከየአቅጣጫው ይመለሳል። ቱቦው የተመለሰውን በከፊል ይቆርጠዋል፣ በከፊል ያሳልፈዋል፤ የተረፈውም የመጀመሪያ ቃናው የጠፋ ነው። «ሌላ ክፍል ሆነው የሚያወሩ ይመስላሉ» ያላችሁት ይህንን ነው። ጆሯችሁ ደህና ነው ማለት ነው።

ስለ ርቀት አንድ ስሌት ላቅርብ። በክፍት ቦታ በማይኩና በተናጋሪው መካከል ያለው ርቀት በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ በ6 ዴሲቤል ይጨምራል። ከ2 ሜትር ወደ 1 ሜትር ብትቀርቡ 6፣ ወደ 50 ሴንቲ ሜትር ብትቀርቡ 12 ዴሲቤል ታገኛላችሁ። ክፍል ውስጥ ደግሞ ከግድግዳ ተመልሶ የሚመጣው ድምፅ በየትኛውም ጥግ መጠኑ ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ ስትቀርቡ የሚያድገው የተዋናይዋ ድምፅ ብቻ ነው፤ የክፍሉ ባለበት ይቀራል። ይህን 12 ዴሲቤል ሜሪላንድም ሆነ መርካቶ የሚሸጥ ሱቅ የለም።

ማይኩን የሚያቀርበው ቡም ነው። ቡም ማለት ማይኩ ጫፉ ላይ የሚታሰርበት ረጅም ቀላል ዘንግ ሲሆን፣ እሱን የሚይዘው ሰው ቡም ኦፕሬተር ይባላል። ባለሙያ የሚጠቀምበት ከካርቦን ፋይበር የተሠራው ውድ ነው። ለጀማሪ ግን ቀለም ቀቢዎች ሮለራቸውን የሚሰኩበት የሚሳብ ዘንግ ይበቃል። ከባድ ነው፣ ክንድ ያደክማል፣ ግን ይሠራል። የማትቆጥቡበት ነገር ማይኩ የሚንጠለጠልበት ላስቲክ ያለው መያዣ ነው፤ ሾክ ማውንት ይሉታል። እሱ ከሌለ ቡም ያዡ ጣቱን ባንቀሳቀሰ ቁጥር ይቀዳል።

ማይኩ ከላይ ይምጣ፤ ከግንባሯ ትንሽ ፊት ቀደም ብሎ፣ አፍንጫው ወደ አፏና ወደ ደረቷ ያጋደለ። ቡም ያዡ ከቀረጻ በፊት ካሜራማኑን «የምስሉ ጠርዝ የት ነው?» ብሎ ይጠይቅና ማይኩን ቀስ በቀስ ያወርዳል፤ ጫፉ ምስሉ ውስጥ ብቅ ሲል ከዚያ አራት ጣት ያህል ከፍ ያደርገዋል። ሁለት ሰዎች የሚነጋገሩ ከሆነ ቡም ያዡ ቃለ ተውኔቱን ማወቅ አለበት። የሚቀጥለው ተናጋሪ አፉን ከመክፈቱ በፊት ማይኩ እሱ ጋ መድረስ አለበትና። በእኛ አገር አጫጭር ፊልሞች ላይ ቡም የሚይዘው ብዙ ጊዜ በዕለቱ ሥራ ያጣ ጓደኛ ነው። ከአራታችሁ አንዱ ሌላ ኃላፊነት ሳይጨመርበት ድምፅ ብቻ ይያዝ። ዳይሬክተሩ «ደህና ነው፣ እንቀጥል» ሲል «አልተሰማም፣ ይደገም» የማለት ሥልጣንም ስጡት።

ይህ ሰው ጆሮው ላይ ምን ያድርግ? እኔን ብትሰሙኝ የመጀመሪያው ግዢያችሁ ማይክ ሳይሆን ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ባለ ገመድ ማዳመጫ ነው። ሶኒ ኤምዲአር 7506 የሚባለው በብዙ አገር የፊልም ሥራ ላይ የሚታየው፣ ዋጋው ሳይጋነን ጉድለትን ሳይሸሽግ ስለሚያሰማ ነው። ብሉቱዝ ያለው አይሆንም፤ ድምፁን አዘግይቶ ያሰማል፣ አሳምሮም ያታልላል።

ስለ ማይኩ ዓይነት። የያዛችሁትን ሾትገን አትጣሉት፤ ለውጭ ቀረጻ ይሆናችኋል። ቤት ውስጥ ግን ባለሙያዎች የሚመርጡት ቱቦ የሌለውን አጭር ማይክ ነው፤ ሱፐርካርዲዮይድ ወይም ሃይፐርካርዲዮይድ ይባላል። ስሙ የሚነግራችሁ ማይኩ ከየት በኩል እንደሚሰማ ነው፦ ፊት ለፊት በደንብ፣ ከጎን በጥቂቱ፣ ከኋላም ትንሽ። የዘርፉ ዋና ዋና ዕቃዎች የሴንሃይዘር ኤምኬኤች 50 እና ኤምኬ 41 የተገጠመለት ሾፕስ ናቸው። ሁለቱም ለእናንተ ኪስ አይደሉም፤ ስማቸውን የጠራሁት ሻጭ ሲያወራ እንዳይምታታባችሁ ብዬ ነው። በዚያው ቅርጽ የተሠሩ ርካሽ ማይኮች አሉ፤ 50 ሴንቲ ሜትር ላይ የተያዘ ርካሽ ማይክ ደግሞ 2 ሜትር ላይ ከተተከለ ውድ ማይክ ይበልጣል። ከማዘዛችሁ በፊት አንድ ነገር አጣሩ። እነዚህ ማይኮች የሚሠሩት በኤክስኤልአር ገመድ በኩል 48 ቮልት ሲያገኙ ነው። የፎቶ ካሜራ ትንሿ ቀዳዳ ይህን አትሰጥም። ስለዚህ ማይኩ ብቻውን ቢመጣ መሳቢያ ውስጥ ይከርማል፤ መቅጃ አብሮት መምጣት አለበት።

መቅጃው ላይ እንምጣ። 32 ቢት ፍሎት እውነተኛ ጥቅም አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 እንደወጣው ዙም ኤፍ 6 ያሉ መሣሪያዎች ለእያንዳንዱ ማይክ ድምፁን ወደ ዲጂታል የሚቀይሩ ሁለት መቀየሪያዎች አሏቸው፤ አንዱ ለዝቅተኛው፣ ሌላው ለከፍተኛው ድምፅ። ተዋናዩ እያንሾካሾከ ቆይቶ ድንገት ቢጮህ፣ በተለመደው መቅጃ የሚቆራረጠው ድምፅ በዚህኛው ኤዲቲንግ ላይ ዝቅ ተደርጎ ይመለሳል። የሚቀዳውን ድምፅ መጠን (ጌይን) የሚቆጣጠር ሰው ለሌላችሁ ለእናንተ መልካም ነው። ማስታወቂያው የማይናገረው ግን አለ። ማይኩ ራሱ ከአቅሙ በላይ ጮኸውበት ከተቆራረጠ፣ ወይም ገመድ አልባው አስተላላፊ ቀድሞ ካበላሸው፣ መቅጃው የሚደርሰው ብልሽቱን በታማኝነት መመዝገብ ነው። የሴራሚኩንም ማሚቶ አይቀንስም። ባለ 24 ቢቱ መቅጃ ከበጀታችሁ ጋር የሚስማማ ከሆነ ምንም አይጎድላችሁም። በ48 ኪሎኸርትዝ፣ በዌቭ ፋይል ቅዱ። ንግግሩ በመቅጃው የድምፅ መለኪያ ላይ ከቀነስ 20 እስከ ቀነስ 12 ዴሲቤል አካባቢ ይመላለስ፤ ጩኸቱ ከቀነስ 6 አይለፍ፤ ዜሮን የነካ ድምፅ አይጠገንም። ካሜራችሁም ላይ ሆነ መቅጃው ላይ «ኦቶ» የሚለውን የድምፅ ማስተካከያ አጥፉት። ሰው ዝም ባለ ቁጥር የፍሪጁን ድምፅ ከፍ የሚያደርገው እሱ ነው።

ፍሪጁን ካነሳን አይቀር፣ ከመቅረጻችሁ በፊት ንቀሉት፤ የመኪና ወይም የቤት ቁልፋችሁንም ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጡ። ቁልፋችሁን ሳትይዙ ስለማትሄዱ፣ የቤቱ ባለቤት ሥጋ ሳይበላሽ መልሳችሁ ትሰኩታላችሁ። ይህ በፊልም ሠሪዎች ዘንድ የቆየ ዘዴ ነው።

ለሳሎኑ ማሚቶ ብርድ ልብስና ፍራሽ አምጡ። ከምስሉ ውጭ ባለው ወለል ላይ ምንጣፍ ወይም ብርድ ልብስ አንጥፉ፤ ሁለት ሦስት ወፍራም ብርድ ልብስ በመብራት ማቆሚያ ላይ ሰቅላችሁ ከካሜራው ጎንና ጎን አቁሙ። ለውጡን በጆሯችሁ ወዲያው ትሰማላችሁ። የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ግን ይቅርባችሁ፤ ለዚህ ሥራ ስስ ነው። አንድ ነገር አትዘንጉ። ብርድ ልብስ ውስጥ ያለውን ድምፅ ይውጣል እንጂ ከውጭ የሚመጣውን አያግድም። የጎረቤት ወፍጮ፣ የሚገነባው ፎቅ፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሳው ጄኔሬተር በብርድ ልብስ አይመለሱም። የክረምት ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድማ ሻይ አፍልቶ መጠበቅ ነው።

ለዚህ ነው ቦታ ስትመርጡ በዓይን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ የምለው። ማክሰኞ ጠዋት የምትቀርጹ ከሆነ ማክሰኞ ጠዋት ሄዳችሁ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ተቀመጡ። እሑድ ጸጥ ያለው ግቢ ማክሰኞ የብረት በያጅ ሊኖርበት ይችላል። የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ድምፅ ማጉያ ለብቻው መታየት አለበት። ክፋቱ መጮኹ አይደለም፤ ቀጣይነት ያለው ዜማ መሆኑ ነው። አንዱን ሾት ከቅዳሴው መካከል፣ ቀጣዩን ከመጨረሻው ብትቀርጹ፣ ስትቀጥሏቸው ዜማው ከአንዱ ሐረግ ወደ ሌላው ይዘላል፤ ተመልካቹም መቁረጣችሁን በጆሮው ያውቃል። ሰዓቱ አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ ምሳችሁን ያኔ ብሉ።

አሁን ወደ ጠየቃችኋቸው ቃላት። ሩም ቶን የምንለው ሰው ሳይናገር የሚቀዳ የክፍሉ ድምፅ ነው። አንድ ትዕይንት አልቆ ማንም ከመንቀሳቀሱ በፊት፣ መብራቱም ሰዉም ባሉበት፣ ማይኩም በነበረበት ሆኖ፣ ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ ይቀዳል። ጸጥታ ነው የምንለው ነገር በየክፍሉ ይለያያል፤ ኤዲተሩ የዳይሬክተሩን «አክሽን» ሲቆርጥ ክፍተቱን በዚህ ካልሞላው ድምፁ ድንገት የሞተ ይመስላል። ተዋንያን በጣም የሚሰለቹት ደቂቃ ይህ ነው፤ አትሸነፉላቸው።

ዋይልድ ትራክ ካሜራው ሳይሠራ ለብቻው የሚቀዳ ድምፅ ነው። ምርጥ ትወና በተወነበት ሾት ላይ ሚኒባስ ጡሩንባ ነፋ እንበል። ሾቱን አትጣሉት። ሚኒባሱ ሲያልፍ፣ ተዋናይዋ ስሜቷ ሳይቀዘቅዝ፣ እዚያው ቦታ ያንን ዐረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ በልክ በልኩ ትበል፤ ማይኩን አቅርባችሁ ቅዱ። ከሳምንታት በኋላ ስቱዲዮ ከሚሠራው ድምፅ ማልበስ ይህ በእጅጉ ይሻላል፤ ክፍሉም ማይኩም ስሜቱም ያው ናቸውና። በመናኸሪያ ትዕይንት ደግሞ ከኋላ የሚታዩት አጃቢዎች አፋቸውን ያንቀሳቅሱ እንጂ ድምፅ አያውጡ፤ የእነሱን ጫጫታ በኋላ ለብቻው ቅዱት።

መቅጃና ካሜራ ሲለያዩ ሁለቱን ለማጋጠም ክላፐር ያስፈልጋል። ትዕይንቱንና ስንተኛ ሙከራ እንደሆነ በድምፅ ተናግራችሁ ታጨበጭባላችሁ፤ ኤዲተሩ እንጨቱ የተጋጠመበትን ምስል «ጧ» ካለው ድምፅ ጋር ያስተካክላል። ክላፐር ከሌለ መዳፍ ያገለግላል። ሳውንድ ማኑ ከዚያ በፊት «ስፒድ» የሚለው በቴፕ ዘመን መቅጃው ትክክለኛ ፍጥነቱ ላይ መድረሱን ለማሳወቅ ነበር። ዋርሶ ተወልዶ ስዊዘርላንድ የሠራው መሐንዲስ ስቴፋን ኩደልስኪ እ.ኤ.አ. በ1951 ናግራ የተባለውን ተንቀሳቃሽ መቅጃ አወጣ፤ ፊልም ሠሪዎች ለአሥርት ዓመታት ትከሻቸው ላይ ይዘውት የዞሩት የዚያን ዝርያ ነው። ዛሬ የሚሽከረከር ነገር የለም፤ ቃሉ ግን «እየቀዳሁ ነው» ለማለት ቀርቷል።

ታይምኮድ በእያንዳንዱ ፋይል ላይ የሰዓት ምልክት የሚያትም ሥርዓት ነው፤ ብዙ ካሜራ ሲኖር ፋይሎች ራሳቸው ቦታቸውን እንዲያገኙ ይረዳል። እናንተ አንድ ካሜራና አንድ መቅጃ ስላላችሁ ገንዘባችሁን አታውጡበት። በሴኮንድ 25 ፍሬም ስትቀርጹ አንዱ ፍሬም 40 ሚሊሴኮንድ ነው፤ አጫጭር ሾቶች በጭብጨባ ብቻ በደንብ ይጋጠማሉ። የሁለት መሣሪያዎች ሰዓት ቀስ በቀስ መለያየት የሚያስቸግረው ካሜራው ሳይቋረጥ በሚሠራባቸው የሠርግና የጉባኤ ቀረጻዎች ላይ ነው።

ገመድ አልባውን ወደኋላ ያቆየሁት ሁሉም መጀመሪያ የሚገዛው እሱን ስለሆነ ነው። ትንሹ ላቫሊየር ማይክ ከአገጭ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ ደረት ላይ ሲቀመጥ ቅርበት ያስገኛል፤ ቡም በማይደርስበት ሰፊ ሾት ላይ ሌላ አማራጭ የለም። ነገር ግን ልብስ ይንኮሻኮሻል። ጥጥ ይሻላል፤ የሐበሻ ቀሚስ ለላቫሊየር ደህና ልብስ ነው፣ የሚያንጸባርቀው ሰው ሠራሽ ጨርቅ ግን ጠላቱ ነው። ማተብ ላይ ያለ መስቀልና የአንገት ሐብል ማይኩን ይመቱታል፤ በፕላስተር ያዟቸው። በ2.4 ጊጋኸርትዝ የሚሠሩት ትንንሾቹ ስብስቦች ሞገዳቸውን ከዋይፋይ ጋር ይጋራሉ፤ የሰው አካልም ያግዳቸዋል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ በየቤቱ ዋይፋይ ስላለ ተቀባዩን ተዋናዩን በሚያይበት ቦታ አድርጉት፤ አስተላላፊው ራሱ ውስጥ የሚቀዳ ከሆነ ደግሞ ይመረጣል።

እህታችሁን በጣም አስጠንቅቁልኝ፦ አሜሪካ ውስጥ በርካሽ የሚሸጥ ያገለገለ ዩኤችኤፍ ገመድ አልባ ካየች አትቸኩል። እዚያ የ600 ሜጋኸርትዝ ባንድ አብዛኛው ክፍል ለሞባይል ስልክ ድርጅቶች ተሽጦ፣ ከጁላይ 13 ቀን 2020 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ማይክ በዚያ ላይ እንዳይሠራ ተከልክሏል። የዋጋው መውረድ ምክንያት ብዙ ጊዜ ይህ ነው። እኛ አገር ሞገድ የሚደለድለው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስለሆነ፣ የትኛው ሞገድ ለማይክ እንደሚፈቀድ ሳትጠይቁ እንዲህ ያለ ዕቃ አታስገቡ።

እንግዲህ ከሜሪላንድ የሚመጣው 48 ቮልት የሚሰጥና ሁለት የኤክስኤልአር መግቢያ ያለው ትንሽ መቅጃ፣ አጭር የቤት ውስጥ ማይክ፣ ማዳመጫና ሾክ ማውንት ይሁን። በጀቱ ካልበቃ ማይኩ ይቆይና መቅጃው ይምጣ። የያዛችሁት ሾትገን አንድ ሜትር የማይሞላ ርቀት ላይ በቡም ሲያዝ ከዚህ በፊት ከሰማችሁት ሌላ ማይክ ነው የሚሆንባችሁ፤ ገመዱ ትንሹ ሶኬት ከሆነ ግን መቅጃው ያንን መግቢያ እንዲኖረው አረጋግጡ። ዘንጉን፣ ብርድ ልብሱንና ፕላስተሩን እዚሁ ታገኛላችሁ።

የተሠራውን ፊልም በተመለከተ፣ ማሚቶ የሚቀንሱ ሶፍትዌሮች አሉ፤ ነገር ግን በጥቂቱ ተጠቀሙባቸው። ሲበዙ ድምፁን ያደነዝዙታል። ልክ ማለፋችሁን የምታውቁት ጠ፣ ቀ እና ጸ ያሉባቸውን ቃላት በመስማት ነው፤ የእነዚህ ፍንጥቅታ ከለሰለሰ አብዝታችኋል ማለት ነው። ከዚያ ፊልሙን ለማያውቀው ሰው ምስሉን ሸፍናችሁ አሰሙት፤ ያልገባውን ዐረፍተ ነገር ምልክት ያድርግ። ምናልባት የምትፈሩትን ያህል ብዙ ላይሆን ይችላል። ምልክት የተደረገባቸውን ተዋንያኑን ወደዚያው ሳሎን መልሳችሁ፣ ማይኩን አቅርባችሁ፣ ያንኑ ዐረፍተ ነገር በማዳመጫ እያሰማችኋቸው ሐረግ በሐረግ እንዲደግሙት አድርጉ። ሩም ቶን ስላልቀዳችሁ በንግግሮቹ መካከል ያለውን ጸጥታ ከየሾቱ ለቃቅማችሁ ከሥሩ አንጥፉ። መጀመሪያ ጀርባቸውን ሰጥተው ወይም ከምስሉ ውጭ ሆነው የሚናገሩባቸውን ሾቶች ሥሩ፤ እዚያ ከንፈር ስለማይታይ የቃላቱ ጊዜ ትንሽ ቢዛባ ማንም አያውቅባችሁም።